በስክሪን የተለካው ኮት

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ዓይናቸው ራሱ ሜትር ሆኗል። ደንበኛው የሱቁን ደረጃ ወጥቶ «እንደምን ዋሉ» እስኪል ድረስ እሳቸው ደረቱንም ወገቡንም የእጁን ርዝመትም ለክተው ጨርሰዋል። ጉድለት ቢያዩ ግን ትንፍሽ አይሉም። «ሰው ጉድለቱን መስታወት ይንገረው እንጂ ልብስ ሰፊ አይንገረው» ይላሉ። ቦርጩን በአቆራረጥ፣ ጉብጠቱን በገበር ደብቀው ይሸኙታል፤ ሰውየውም እናቱ እንዲህ አሳምራ የወለደችው እየመሰለው ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ሰው በእግሩ መጥቶ ሲለካ ነበር። የቪዲዮ ስብሰባ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ግን ቢሮው ሁሉ ወደ ቤት ገባና ደንበኛው ኮት ብቻ ማሰፋት ጀመረ። «ሱሪውስ?» ሲሉት መልሱ «ሱሪውን ማን ያየዋል?» ሆነ። አንድ የተከበሩ ጠበቃ በቪዲዮ ሊለኩ ቀርበው «እስቲ ይነሱ» ቢሏቸው፣ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች አበባ የፈሰሰበት ቁምጣ ለብሰው ብድግ አሉ። ጋሽ ሜትር ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

አፑን ያስተማረቻቸው አንድያ ልጃቸው ናት። ሌላ ከተማ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ጠዋት ሕፃናቱን በዚያው አፕ ስታስተምር ትቆይና ከሰዓት ወደ አባቷ ትዞራለች። አነጋገሯን እንኳ አትለውጥም።

«አባዬ፣ ሰው ሲያወራ መሀል አይገባም። መናገር ስትፈልግ የእጅ ምልክቷን ተጫን፤ ስጠራህ ትናገራለህ።»

«በገዛ ልጄ ፊት እጄን አውጥቼ? ሞቼ ልገኝ!»

ሕፃናቱ በሁለት ቀን የለመዷትን ምልክት እሳቸው በሁለት ወር አልነኳትም።

አንድ ቀን ታዲያ ልጅቱ እጮኛዋን ከጎኗ አስቀምጣ ብቅ አለች። ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሠርጉ ወር ቀርቶታል፤ ሙሽራው ደግሞ ተሰፍቶ የተሰቀለ ኮት ልገዛ ነው ብሎ አረፈው። የጋሽ ሜትር ፊት ጠቆረ። ኮቱ ሰበብ ነው፤ የልባቸው ሌላ ነው። አንድያ ልጃቸውን የሚወስደው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አያውቁም፣ ይሄም እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

«እኔ ሳልለካው ልጄን አልሰጥም» አሉና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ጌታው፣ ይነሱ እስቲ። ቀጥ ይበሉ።»

ባለቤታቸው በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጧቸው። «ለልጅህ ባል ‘እርስዎ’ ትላለህ? ደንበኛ ነው እንዴ?»

«እስኪለካ ድረስ ደንበኛ ነው።»

ልጅቱ እዚያ ሆና እየለካች ቁጥሩን ስትጠራ፣ ጋሽ ሜትር እዚህ ሆነው ሌላ ነገር አዩ። የሙሽራው አንድ ትከሻ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ የመፍቻ ቦርሳ ለዓመታት የተንጠለጠለበት ትከሻ ነው። ችግር የለም፣ ዝቅ ባለው በኩል ወፈር ያለ ስፖንጅ ይገባል። ግን ግራው ነው ቀኙ? መጠየቅ ደግሞ ጉድለቱን መንገር ሆነ። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራው በእሳቸው ቀኝ በኩል እንደሚውል ያውቃሉ፤ ይሄ ስክሪን ግን አጠራጠራቸው። ለመሞከር ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አባዬ፣ በእጅህ አይደለም፣ ምልክቷን ተጫን!» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ሜትር አልሰሟትም። ጥግ ላይ ያለው የራሳቸው ምስል እንደ መስታወት በዚያው በቀኝ በኩል እጁን ሲያነሳ እያዩ ነበር። «ይሄ ነገር መስታወት ነው፤ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየኝ» አሉ በልባቸው። አፑ እያንዳንዱን ሰው ለራሱ ብቻ እንደ መስታወት እንደሚያሳየው፣ ሌላውን ግን እንዳለ እንደሚያቀርብ ማን ይንገራቸው?

«ልጁን ጠይቀው» አሉ ባለቤታቸው።

«ሰው አላሳቅቅም።»

አሥር ጊዜ ለክተው አንድ ጊዜ የሚቆርጡት ሰው፣ ወፍራሙን ስፖንጅ ዝቅ ባለው በግራው ፈንታ በቀኙ ከተው ኮቱን ላኩት።

በደረሰ ማግስት ተደወለ። ሙሽራው ለብሶ ቆሟል። ትከሻው ውኃ ልክ!

«እንዴት ነው ጌታው?»

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ኮት በሕይወቴ ለብሼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፣ ለብሶ አያውቅም። ጋሽ ሜትር ግን ልባቸው አበጠና ስለ ኮሌታው፣ ስለ ገበሩ፣ ስለ እጅጌው ሃያ ደቂቃ አወሩ። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። የሙሽራው ግንባር ላብ ችፍ ብሎበታል፤ ይህንንም የደስታ ላብ ነው አሉት።

ድንገት ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው የተማሪዎች ደብተር መንሸራተት ጀመረ። ሙሽራው ሊይዘው ቀና ሲል ቀኝ ትከሻው ጆሮውን ሊነካ ሽቅብ ወጣ፤ ግራው ታች ቀረ። ደብተሩን መለሰ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀኝ ጉልበቱን ሸብረክ፣ ወገቡን ሰበር አደረገና ትከሻውን እንደገና ውኃ ልክ አደረገው።

ጋሽ ሜትር ክው አሉ። ይሄ ሰው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ራሱን አጣሞ የቆመው የእሳቸውን ስሕተት ሊሸፍን ነው። የሰውን ጉድለት ደብቆ የሚሸኝ ከእሳቸው ሌላ ያለ አይመስላቸውም ነበር። አፈሩ፤ ከሀፍረታቸው ግን ደስታቸው በለጠና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ባለቤታቸውና ልጃቸው ስለ ሠርጉ ጥሪ ወሬ ጀምረዋል። ጋሽ ሜትር መሀል አልገቡም። መነጽራቸውን አስተካክለው በሌባ ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ሲፈልጉ ቆዩና ተጫኑ። ትንሿ ቢጫ እጅ ብቅ አለች።

«አባዬ እጁን አወጣ!» አለች ልጅቱ አፏን ይዛ። ከዚያ መምህርነቷ ቀደማት፤ «እሺ አባዬ፣ ተናገር።»

ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ኮቱን መልሱልኝ፤ ያጣመምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ሙሽራውም ዞሩ። «አንተም ልጄ፣ ወገብህን ልትጎዳ ነው። በቃ፣ ቀጥ በል።»