አባቴ በጋቢና፣ እስከ ናይሮቢ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ቀራንዮ ከምሠራበት ፋርማሲ ስወጣ በቀጥታ ቤቴ መግባት ሲገባኝ፣ መኪናዬን አስነስቼ በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ደርሼ የምመለስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ምን ልሠራ? ምንም። ጸባዩን የወረስኩት ከአባቴ ነው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቷል፤ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ይመላለሳል። ቁርሱን ሳይጨርስ ተነስቶ የውጭውን በር ከፍቶ ይቆማል፤ ይዘጋዋል፤ ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናዬን እየተቀበለኝ መንዳቱን ሲያቆም፣ "በቃኝ፤ የከተማው ትራፊክ አሰልቺ ነው" አለኝ። አመንኩት።

ናይሮቢ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያ ልጁን ሲያገኝ ደወለና የአውሮፕላን ትኬት ልላክላችሁ አለ። አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"ሰማይ ላይ ሆኜ ምን አያለሁ? በመኪና ነው የምንመጣው።"

"አባዬ፣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል እኮ" አልኩት ስልኩ ሲዘጋ።

"ይፍጅ። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ባሕር ነዳሁ። የደቡቡን መንገድ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።"

ልከራከረው ይገባ ነበር። እኔ ግን ልቤ ቀድሞ ሄዷል። የድንበር ማለፊያውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ለማስጨረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስሮጥ አንድም ቀን አልደከመኝም።

ገና ሳይነጋ ወጣን። አባቴ ጋቢና ተቀምጦ በየኩርባው እግሩን ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ይጫናል። ሐዋሳ ላይ ሻይ እንጠጣ ስለው "ወደፊት" አለ፤ ዲላም ላይ "ወደፊት"። ያቤሎን ስናልፍ አፈሩ ቀላ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ኩይሳዎች ከግራር መሀል ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

"ያ ምንድነው?" ይለኛል።

"ኩይሳ ነው።"

"አውቃለሁ። አንቺ ማወቅሽን ላረጋግጥ ነው።"

ሞያሌ አድረን ጠዋት ድንበሩ ላይ ለፍተሻ ተሰልፈን ሳለ፣ ከፊታችን የቆመ ሾፌር ሰሌዳችንን አይቶ ወደ መስኮቴ መጣ። "እህቴ፣ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የአንቺ መሪ ደግሞ ግራ ነው። ደርበሽ ልታልፊ ስትይ ከፊትሽ የሚመጣው አይታይሽም። ዓይንሽ እሳቸው ናቸው" ብሎ ወደ አባቴ ጠቆመ።

አባቴ ሳቀ። "ሠላሳ ዓመት መንገድ ያየሁ ሰው ነኝ!"

"እንግዲያው ስጋት የለባትም፣ አባት። እርስዎ ካሉላት ምን ትፈልጋለች" አለና ሄደ።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለው መንገድ ልክ እንደተዘረጋ ቀበቶ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ፣ ግመል፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። ንፋሱ መሪውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገላል። መኪና እምብዛም ስለሌለ ሩቅ ድረስ ራሴው አያለሁ፤ አባቴን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማርሳቢት ቤርጎ ይዘን አደርን። ጠዋት በሩን ባንኳኳ የለም፤ ቀበቶውን አስሮ መኪናው ውስጥ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

ከኢሲዮሎ በኋላ ዳገቱ ጀመረ። ከፊታችን ፍየል የጫነ ከባድ መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ያዘግማል። ከፍየሎቹ በስተቀር የሚታየኝ ነገር የለም። አባቴ እግሩ ማረፍ አቃተው።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ይታይሃል?"

አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። "ባዶ ነው። እለፊ!"

ልደርበው ወደ ቀኝ ወጣሁ። የነዳጅ ቦቴ መብራቱን አብርቶ ቁልቁል እየመጣብን ነበር። ክላክሱን ስሰማ ፍሬን ይዤ መሪውን ወደ ግራ መለስኩት። ቦቴው በአባቴ በኩል ያለውን ስፖኪዮ ገንጥሎ አለፈ። መኪናችን ተንቀጠቀጠች። ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ባዶ ነው አልከኝ!" ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። "መብራት አብርቶ እየመጣ!"

"አላየሁትም።"

"እንዴት አታየውም?"

"አላየሁትም አልኩሽ እኮ።" እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። "የቀኙ ዓይኔ ከጨለመ ሁለት ዓመት አለፈው። በግራው የማየው እንደ ጉም ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ በመኪና ታመጪኝ ነበር? ይቺኑ መንገድ ሳላያት ልትቀርብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።"

ወርጄ መኪናውን ዞርኩት፤ ደግሜ ዞርኩት። ለኩራቱ ሲል ሁለታችንንም ሊገድለን ነበር። ግን ደግሞ እኔ ቀኑን ሙሉ የዓይን ጠብታ እየሸጥኩ የምውል ሰው ነኝ። ጋዜጣ ማንበብ ሲተው ፊደሉ ደቀቀ ብሎኝ ነበር፤ ብርጭቆ ሲገለብጥ እጄ ከበደኝ ብሎኝ ነበር። ሁሉንም እሺ ብዬ አልፌዋለሁ። የራሴ ጥድፊያ ሳይጋርደኝ አልቀረም። ተመልሼ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልደረብኩም። የፍየል መኪናውን ደርሰንበት ከኋላው አዘገምን። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"አሁን ምን አለ?"

"ስንዴ ነው። ዳገቱ ሁሉ ስንዴ። በግራ የኬንያ ተራራ አለ፤ ደመናው አሁን ተገፈፈለት።"

"በረዶ አለው?"

"ትንሽ፣ ጫፉ ላይ።"

"ቅርጹስ?"

"የተሰበረ ጥርስ ነው የሚመስለው።"

ፈገግ አለ። እኔ የአበባ እርሻውን ላስቲክ፣ የትምህርት ቤት ልጆቹን ቀይ ሹራብ፣ ሐዲዱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስደረድርለት ክንዴን ያዘኝ።

"አትሩጪ። አንድ በአንድ ንገሪኝ።"

እንዲህ እያልን፣ እሱ እየጠየቀ እኔ እየነገርኩ፣ ናይሮቢ ስንገባ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አባቴ የልጅ ልጁን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ሕፃኑ ፊት አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ያዘው። ወንድሜ ጉዳዩን ከእኔ ሲሰማ ተቆጣ፤ በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ይዞት ሄደ። የቀኙን የዓይን ግፊት ጎድቶታል፤ አይመለስም። የግራው ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይነሳል አሉት። ስንመለስ ወንድሜ እስከ ሞያሌ ጋቢና ተቀምጦ አደረሰን፤ አባቴ ከኋላ ሆኖ ሲሻው እየጠየቀን፣ ሲሻው እያንቀላፋ መጣ።

ቀዶ ሕክምናውን እዚሁ አዲስ አበባ አደረገ። ፋሻው በተነሳ ማግስት ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ።

"አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽው?"

ለመነሳት ስል እጄን ያዘኝ።

"ቁጭ በይ። ገና አይቼሽ አልጨረስኩም።"