ባ የሰጡን መራራ ፍሬ

እማዬ ካረፈች ወር ሆናት። አፓርትመንቷን ለማስረከብ የማድቤቱን ካቢኔት ሳራግፍ ከበርበሬው ጀርባ አንድ የጃም ብልቃጥ አገኘሁ። ከፍቼ አሸተትኩት፤ ሳይቀምሱት አፍ ያደርቃል። ውስጡ ቡናማ፣ ጭምድድ ያለ ደረቅ ፍሬ ነው፤ ከቴምር ያንሳል፣ ጥንካሬው ግን ጥርስ ይሰብራል። ሀርዴ፣ የሕንዶቹ መድኃኒት! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው በስደት አገር፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ በየሳምንቱ የሚበላሽ ፎቅ ላይ ነበር። የእኔ እኩዮች ታውቁታላችሁ፤ ኮሪደሩ በአንድ በኩል የእኛ ቁሌት፣ በሌላ በኩል የሕንዶቹ ካሪ የሚሸትበት፣ ገመድ ስንዘል የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን የሚደበድብብን። በዚያ ዓመት እማዬን ምግብ እምቢ አላት። ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ሥራ ልትገባ ጫማዋን እያሰረች ሳለ አንድ ዘመድ ከአገር ቤት ደውሎ፣ «እናትሽ አርፈዋል፣ እግዜር ያጥናሽ» ብሏት ዘጋው። እንዲያው በደረቁ! መርዶ እኮ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። እማዬን የደገፋት ግድግዳው ብቻ ነበር፤ ከዚያም ጫማዋን አስራ ጨርሳ ሺፍቷን ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷ ይነፋል፣ ይደርቃል፣ ጉርሻ አልወርድ ይላታል። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለም አለ። አባዬ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ እኛ ዘንድ ጨጓራ ያልሆነ ምን በሽታ አለ! እኔ ግን አጠገቧ ስተኛ የጎድን አጥንቷ እጄን ይወጋኝ ነበር፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ በጣም እፈራ ነበር።

ባ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ የሕንድ ባልቴት ናቸው። «ባ» በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፤ ሌላ ስም እንዳላቸውም አላውቅም። ሥጋ ስለማይነኩ እኛ በምንጾምበት ረቡዕና ዓርብ ሽሮ እንልክላቸዋለን። አንድ ዓርብ ሳህኑን ሊመልሱ መጥተው እማዬን አዩአት። ጉንጯን ያዝ፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረጉና ሄደው ይሄን ፍሬ ወቅጠው በብልቃጥ ይዘው መጡ። ለልጅ ልጃቸው ለሄታል ነገሯት፣ እሷ በእንግሊዝኛ ለእኔ፣ እኔ ለእማዬ። ማታ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር፣ ለብ ባለ ውሃ።

እማዬ ግን በኮሶ ያደገች ሴት ናት። ለእሷ መድኃኒት ማለት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አፍንጫን ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ የሚደረግ ነገር ነው። ዱቄቱን ግማሽ ብልቃጥ በጥብጣ ጨለጠችው። ወይ ጉድ! ያን ቀን መጸዳጃ ቤቱ የእሷ ብቻ ሆነ፤ አባዬ «የሕንድ ኮሶ!» እያለ እያጉረመረመ ለመጸዳጃ የባን ቤት ሲያንኳኳ ዋለ። ባ ጉዱን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እማዬም ሳቀች። ከዚያ ስልክ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ይመናት! ባ ማታ ማታ ራሳቸው መጥተው፣ በገዛ ጣታቸው ቆንጥረው፣ እስክትጠጣ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እኔንም የፍሬውን ስንጣሪ አስመጠጡኝ። አቤት ምሬቱ! ፊቴን ሳኮሳትር ውሃ ሰጡኝና በእጃቸው «ቆይ፣ ጠብቂ» አሉኝ። እውነትም ውሃው ማር ማር አለኝ። እሳቸውና እማዬ አብረው ያመሻሉ፤ እማዬ በአማርኛ ስለ እናቷ ታወራለች፣ ባ በቋንቋቸው ይመልሳሉ፣ አንዷ የሌላዋ አይገባትም። እማዬ መብላት ጀመረች። ፍሬው ይሁን ባ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባ የተረፈውን ፍሬ በጃም ብልቃጥ ትተውልን ከልጃቸው ጋር ብራምፕተን ወደሚባል ከተማ ሄዱ። በሁለተኛው ክረምት ሄታል ኮል አድርጋ ባ መሞታቸውን ነገረችኝ። እማዬ ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። አባዬ ፊቴን አይቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «ሄታል ናት፣ ሰላም ብላሻለች» አላት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አወጣኝ። «እኔ እያለሁ ሁለተኛ መርዶ እንደዚያ አትሰማም» አለኝ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። የሰፈራችን ሰዎች፣ ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ድረስ የመጡም ጭምር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ግማሾቹ ባን በዓይናቸው እንኳ አያውቋቸውም። ሁለት ሴቶች እማዬን ግራና ቀኝ ያዟት፤ አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ ባ አርፈዋል» አሏት። እማዬ «እናቴን! ወይኔ እናቴን!» እያለች ጮኸች። የትኛዋን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ ሁሉም አብሯት አለቀሰ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሲያጎርሷት በላች።

የእማዬን መርዶ ለእኔ የነገረችኝ የሆስፒታል ነርስ ናት፣ በስልክ። ድምጿ ደግ ነበር፤ አልቀየምኳትም። ብሉር ጣቢያ ሳብዌይ እየጠበቅኩ ነበር። ባቡሩ መጣ፣ ሰዉ ገባ፣ እኔም ገባሁ። አባዬ ቢኖር ኖሮ ስልኩን ከእጄ ይነጥቀው ነበር፤ እሱም ቀድሟታል። ጓደኞቼ ቴክስት አደረጉ፣ ቀብሩ ላይም መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሁሉም ሥራ አለው እላለሁ። ግን ያኔ በጎህ የመጡትስ ሥራ አልነበራቸውም? ሺፍታቸውን ትተው ነው የመጡት። እኔንም ይኸው ምግብ አልወርድ ካለኝ ወር ሆነኝ።

አንዷን ፍሬ በእማዬ ዘነዘና ሰብሬ ስንጣሪውን አፌ ውስጥ አደረግኩ። ምሬቱ እንዳለ ነው። ከቧንቧው ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ፤ ባ እንዳሉትም ጠበቅኩ።

ውሃው እስካሁን አልጣፈጠኝም።