አባዬ፣ ቻርጅ አድርግልኝ

ዲላ ስማር፣ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ያየኋቸው ሁለት ዕቃዎች ልቤን ለሁለት ከፈሉት፤ ኪስ የምትገባ ኤምፒ ፎር እና ያገለገለ የእጅ ታብሌት። ኤምፒ ፎሯ ዘፈንና ፊልም ከማጫወት አታልፍም። የታብሌቱ ሶፍትዌር ግን ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ እንዳሻህ ትቀይረዋለህ። ባለሱቁ «ኤምፒ ፎሯ ትሻልሃለች፣ ይሄ ባትሪ ይበላል» ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ታብሌቱን ገዛሁ። እኔ ዘፈን ለመስማት ነው እንዴ የተማርኩት!

ለእረፍት ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ይዤው ገባሁ። በማግስቱ ባትሪው አለቀ። መንደራችን መብራት ስላልገባ፣ አባቴ ገበያ ሲወጣ ከተማ ያስሞላልኛል ብዬ «አባዬ፣ ቻርጅ አድርግልኝ» አልኩና ሰጥቼው ቡና ለቀማ ሄድኩ።

ከሰዓት ስመለስ ክው አልኩ። ታብሌቱ ደጃችን ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ፣ ከነገለባው ከሚደርቀው ጀንፈል መሃል፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተሰጥቷል። ጎኑ የቤታችን የሶላር ፋኖስ አለ፤ አባቴ የሚያውቀው ቻርጅ ይሄንኑ ነው። ስክሪኑ ጠቁሯል፣ ጀርባው እንደ እሳት ይፋጃል።

ላነሳው እጄን ስዘረጋ አባቴ ከጥላው ሆኖ ጮኸብኝ።

«ተው፣ አትንካው! ገና አልሞላም።»