እጁን መሰብሰብ ያቃተው ብረት በያጅ

ቡራዩ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሰው ኢተፋን ያውቀዋል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሦስቱን ሲበይድ ነው ያሳለፈው። ሜትር ኪሱ ውስጥ አለች፤ ግን ለጌጥ ናት። መለኪያው የራሱ አካል ነው። የበር እጀታ በክርኑ፣ የደረጃ መደገፊያ በወገቡ ልክ ይቆርጣል። ደንበኛ ሲጠራጠር፣ «እኔ ካላጠርኩ እሱም አያጥርም» ይላል። ደፍሮ የሚናገራት ይህችን ብቻ ነው። የተማረ ሰው ፊት ከቀረበ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አይወጣውም።

የመጨረሻ ልጁ ላሊሴ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም፤ ከዚያ በኋላ እግሮቿ ግትር ሆኑ። አእምሮዋና ምላሷ ግን ምላጭ ናቸው። ኢተፋ በትከሻው ተሸክሟት ሲዞር ሰው «እንዴት ያለ አባት ነው!» ይለው ነበር፤ እሱም ደስ ይለው ነበር። ኋላ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት ወደሆነችው ወደ ሮዳስ ሲወስዳት ግን፣ ሮዳስ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ኦቦ ኢተፋ፣ እስካሁን የጠነከረው የማን እግር ነው?» አለችው።

«የኔ» አለ። ሐሰት አልነበረም።

ላሊሴ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት። ክፍሉ አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ርዕሰ መምህሩ፣ «ራሷ ከወጣች ከእኩዮቿ ጋር ትማራለች፤ ካልቻለች አንድ ዓመት ከሕፃናቱ ጋር ታች ትቆይ» ብለዋል። ላሊሴ ይህን ስትሰማ፣ «እነሱ እኮ ገና ሱሪያቸው ላይ ይሸናሉ!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ሮዳስ ልጅቷ ግራና ቀኝ ይዛ የምትራመድበት ሁለት አግዳሚ ብረት ግቢው ውስጥ እንዲሠራ ነገረችው። በላሊሴ ወገብ ልክ መሆን እንዳለበት በእጇ ጭምር አሳየችው። ኢተፋ እሺ አለ። ቅዳሜ ቱቦላሬ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ተከለው። ከዚያ ላሊሴን አምጥቶ መሐል አቆማት። ብረቱ ግንባሯ ጋ ደርሶ ነበር።

ሚስቱ ደጊቱ ከደጃፍ ሆና ታያለች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«መለማመጃ።»

«ለማን? ላንተ?»

እጁ በልማዱ በራሱ ወገብ ልክ ቆርጦታል። ላሊሴ ተንጠራርታ ብረቱን ያዘችና፣ «አባ፣ ይኼ የልብስ ማስጫ ነው» አለች። ጎረቤታቸው የወይንሐረግም ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ አንሶላ አሰጣችበት።

ኢተፋ ግራይንደሩን አንስቶ አሳጠረው። ብረት መቼም ይቆረጣል። የኢተፋን እጅ ማሳጠር ነው ያቃተው። ላሊሴ አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር እጁ ከኋላ የቀሚሷን አንገት ጨምድዶ ይይዛል። ሮዳስ ልታያቸው ስትመጣ ይህንኑ አየች።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ይልቀቋት።»

«እሺ።»

አልለቀቀም።

«እሺ ብለውኛል እኮ!»

«ብያለሁ።»

ደጊቱ ከት ብላ ሳቀች። «ሮዳስዬ፣ እሷን ተያትና መጀመሪያ እሱን አክሚው።»

«ብትወድቅ እንዴት እንደምትነሳ አስተምሬያታለሁ» አለች ሮዳስ። «እሳቸውን ነው ያላስተማርኩት።»

ክረምቱን ሙሉ ልምምድ ሆነ። ኢተፋ እጁን ኪሱ ከተተ፤ እጁ ከኪሱ ወጣ። ወደኋላ አጣመረው፤ ተፈታ። አንድ ቀን ላሊሴ አዳልጧት ወደቀች፤ ሊይዛት የዘለለው ኢተፋም ጭቃው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። እሷ ተነስታ ቀሚሷን ስታራግፍ እሱ ገና እንደተኛ ነበር።

«መጀመሪያ በጉልበትህ፣ አባ» አለችው። «ከዚያ ብረቱን ያዝ። ቀስ በል።»

እንዳለችው አደረገ። ደግሞም ሠራ።

የምዝገባው ዕለት ደጊቱ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ስለተከለከለች አባትና ልጅ ብቻቸውን ሄዱ። ርዕሰ መምህሩና ሁለት መምህራን ደረጃው ሥር ቆመዋል። ላሊሴ መደገፊያውን ያዘችና ወደ አባቷ ዞር ብላ፣ «ና ሂን ቱቂን» አለችው፤ እንዳትነካኝ ማለቷ ነው።

ኢተፋ እጁ እንደሚከዳው ያውቃል። ስለዚህ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ሁለት መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ። ፖሊስ የሚፈትሸው ሌባ መሰለ። ከኋላው ጫማ ሲጎተት ሰማ። ጸጥታ። እንደገና ጫማ። ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ። ጥፍሩ ቆርቆሮውን ቧጠጠው፤ ግን አልዞረም። ሌላ ጸጥታ፤ ይኼኛው የአንድ ክረምት ያህል ረዘመበት። በመጨረሻ ጭብጨባ ሰማ።

«አባ፣ አየኸኝ?»

ሲዞር ላሊሴ ከደረጃው አናት ቆማለች፤ አንድ ጉልበቷን ጭቃ ነክቶታል። መምህራኑ አይተዋል። ዘበኛው አይቷል። ለምዝገባ የተሰለፈው ወላጅ ሁሉ አይቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን የጠበቀው ሰው ብቻ ነው ያላየው።

«እስቲ አንዴ ድገሚው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደክሞኛል። ትምህርት ሲከፈት መጥተህ እይ።»

ማታ ደጊቱ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እንዴት ወጣች? ንገረኝ እንጂ!» አለች።

«እንዴት መሰለሽ!» አለ ኢተፋ ተመቻችቶ እየተቀመጠ። «በግራ እግሯ ጀመረችና...»

«በቀኝ ነው» አለች ላሊሴ።

«በቀኝ ጀመረችና፣ ምንም ሳትወድቅ...»

«ሦስተኛው ላይ ወድቄያለሁ።»

ደጊቱ ባሏን ትክ ብላ አየችው። «አንተ የት ነበርክ?»

«አጥሩ ጋ» አለ ኢተፋ። «እጄን ይዤ።»