ለራሱ ሽማግሌ የሄደው ሙሽራ

ስማ! ያልሰማህ ስማ! የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፣ የታክሲ ተሰላፊ፣ ባለሱቅም ሆንክ ባለሥልጣን! የባንግላዴሽ ተወላጅ፣ የከሰረ የልብስ ፋብሪካ የቀድሞ የስፌት ክፍል አለቃ፣ ፓስፖርት አልባው ክቡር ሸፊቁል ሚስት ሊያገባ መሆኑ በዚህ አዋጅ ተገልጿል!

ክቡርነቱን የሰጠው ሰፈሩ ነው። ፀጉሩ ለስላሳ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ ስለዚህ ኢንቨስተር ነው። ዘበኛ ብድግ ይልለታል። ፍተሻ ላይ ሰው ሁሉ መታወቂያውን ሲያወጣ እሱን “ማይ ፍሬንድ፣ እለፍ” ይሉታል። የውጭ ሰው ከሆነ ደሃ አይሆንም፤ ደሃ ከሆነም የውጭ ሰው አይደለም። የሰፈሩ ፖለቲካል ኢኮኖሚ እዚህ ላይ ያበቃል። ስሙም “ህንዱ” ነው። መጀመሪያ ሰሞን “ባንግላዴሽ” እያለ ያርም ነበር። “ያው ነው” አሉት። ተወው።

እውነቱ ግን የፋብሪካው ባለቤቶች የሠራተኛውን ደሞዝና የሸፊቁልን ፓስፖርት ይዘው ሹልክ ማለታቸው ነው። ቪዛው አለቀ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ አለቀ፤ ሸፊቁል ግን አላለቀም። ገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሲንጀር የስፌት መኪናውን ተክሎ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። አማርኛ ያስተማረችው እዚያው ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ላጢፋ ናት። አማርኛው ሲያልቅ ፍቅሩ ቀጠለ።

የላጢፋ አባት ጋሼ መንሱር ወሎዬ፣ ባለ አይሱዙ ናቸው። ልጃቸውን የሚሰጡት በወጉ ነው፤ ወጉ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ነው። ወንድም አጎት የሌለው ሸፊቁል ለምኖ ለምኖ የባቡር ጡረተኛ ጎረቤቱን አቶ ተሰማንና ከመስጊድ የሚያውቃቸውን ሐጂ ሙዓዊያን አገኘ። ሦስተኛ ታጣ። ሲያስበው ሲያስበው መፍትሔው ቀላል ሆኖ ታየው።

እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ቱሉ ዲምቱ፣ ጋሼ መንሱር ደጃፍ ቆሙ።

“ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።”

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ አቶ ተሰማ።

“ሁለት ናችሁ። ሦስተኛችሁ የታለ?”

“እኔ ነኝ” አለ ሸፊቁል ከኋላቸው፣ ጋቢ ደርቦ።

ከጓዳ የላጢፋ ሳቅ ፈነዳ፤ እናቷ “ዝም በይ አንቺ!” ሲሉ ተሰማ።

“አንተ ሙሽራው አይደለህም እንዴ?” አሉ ጋሼ መንሱር።

“ሙሽራውም ነኝ። ሽማግሌ ጎደለ።”

“ያ አላህ! ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ ሲሄድ ያየ አለ?”

አቶ ተሰማ ነገሩን ሊያድኑ ተጣደፉ። “አቶ መንሱር፣ ልጁ እኮ ተራ ሰው አይደለም፤ ትልቅ ፋብሪካ...”

“ፋብሪካ የለኝም” አለ ሸፊቁል። “ፓስፖርትም፣ የመኖሪያ ፈቃድም የለኝም። የስፌት መኪና አለኝ። ላጢፋን አላስርባትም።”

ሐጂ ሙዓዊያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሼ መንሱር ግን ሙሽራውን ትክ ብለው አዩት።

“ባለፋብሪካ ነኝ ብትል አባርርህ ነበር። ባለፋብሪካውንማ አየነው። ግን ነገ ቢይዙህ፣ ወይ ከፍቶህ ብትጠፋ፣ ማንን ልጠይቅ? እነዚህን ሽማግሌዎች? የሚመጣው እሁድ ‘ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ዋሱ ነኝ’ የሚል ሦስተኛ ሰው ይዘህ ና። ከመጣ ኒካው ይታሰራል። ካልመጣ አንተም አትምጣ።”

“አመጣለሁ፣ ጋሼ።”

ሰኞ ፍለጋው ተጀመረ። ብድግ የሚለው ዘበኛ በወረቀት ጉዳይ እንደማይገባ ነገረው። ባለሱቁ ፈርሃት “ወንድሜ ነህ” አለ፤ ወንድምነቱም እዚያው ባንኮኒው ላይ ቀረ። በየስብሰባው ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት ሰው እስኪያዛጋ የሚናገረው የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሰይፈሥላሴ ደግሞ እሁድ እሁድ ራሱን እንደሚያመው አስታወቀ። እስከ ትናንት ኢንቨስተር የነበረው ሰው ዋስ ሲፈልግ በአንዴ ማንም የማያውቀው ሆነ።

ሸፊቁል አልደነገጠም። የላጢፋን የሠርግ ቀሚስ መስፋት ጀምሯል።

“ማን ሊመጣልህ ነው?” አለችው፣ ወገቧን ሲለካት።

“አላውቅም። ይሄ ሁሉ ሰው እያለ ግን አንድ ይጠፋል? ቀጥ በይ።”

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በበሩ ስታልፍ “ህንዱ፣ ሰላም ነው?” ብለኸዋል። የልጅህ ዩኒፎርም የእጁ ሥራ ነው። ስሙን ደግሞ አሁን አወቅኸው። እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ ጋቢህን ጣል አድርገህ እስኪ ቱሉ ዲምቱ፣ ጋሼ መንሱር ደጃፍ ድረስ...