ለአለቃዬ የገዛሁት የጎልፍ ዱላ

ስደቱን የሚጽፍ ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያስቀድማል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ባለቤቴ እናኑ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አጎቴ አያ ሞላ ከትክል ድንጋይ ድረስ ሊሸኙኝ መጥተው፣ «ልጄ፣ የሰው አገር ነው፤ ጉዳይ ካለህ ሰው ዘንድ ባዶ እጅህን እንዳትቀርብ፤ ሸጋ ነገር ይዘህ ግባ» አሉኝ። አሁን አሁን በእሳቸውም እናደዳለሁ። ግን ምን ያድርጉ፣ ኮሊንን አያውቁት።

ኮሊን አለቃዬ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ የደባርቅን ብርድ በሚያስናፍቅ ዝናብ እየተደበደብኩ የጎልፍ ሜዳ ሳር አጭዳለሁ። የእኛ አገር በሬ ቢያየው የሚያብድበትን ሳር በማሽን እየላጨሁ እጥላለሁ፤ ይህ ራሱ ያበሳጨኛል። ኮሊንን «ሚስተር» ስለው፣ «ኮሊን በለኝ፤ እዚህ ሁላችንም ጓደኛሞች ነን» ይለኛል። ጓደኝነቱን በኋላ አየሁት።

እናኑንና እኔ ከወጣሁ በኋላ የተወለደችውን፣ አሁን አራት ዓመት የሞላትን ልጄን ለማምጣት ኮሊን የሚፈርምበት የሥራ ደብዳቤ ያስፈልጋል። «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ክረምቱን ጨረሰው። የአያ ሞላ ምክር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

የቢሮው ግድግዳ በአሮጌ ፓተር የተሞላ ነው። ፓተር ማለት ኳሷን ወደ ጉድጓዷ ገፋ የሚያደርጉባት አጭር ዱላ ናት። ሰዎች አሮጌዋን እንደ ቅርስ ይሰበስባሉ። ኮሊን ጫፏ ከነሐስ የተሠራ አንዲት ዓይነት እንደቀረችው ሲናገር ሰምቼ ነበር፤ እሷኑ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ ለጨረታ ቀርባ አገኘኋት።

ለሻጩ፣ «እጀታዋ የድሮው ነው? ፎቶው ጨለማ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

«ዕቃው ራሱ አሮጌ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ መለሰልኝ።

አንድ ችኮ ሰው ደግሞ አላስገዛ አለኝ። እኔ ስጨምር እሱም ይጨምራል። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ላይ እንደተቀመጥኩ እልህ ያዘኝ፤ የጎንደር ሰው እልህ ሲይዘው ታውቁታላችሁ። አሸነፍኩና ወር ሙሉ ደረቅ ዳቦ በላሁ።

ጠቅልዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ሲፈታው ፊቱ ቀላ።

«አንተ ነበርክ እንዴ ስትፎካከረኝ የነበርከው?» አለኝ።

ያ ችኮ ሰው ራሱ ኮሊን ነበር። ዱላዋን እንደ ሕፃን አቅፎ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። ደስ ሲለው አይቼ፣ «ደብዳቤዋስ?» አልኩት።

«አሁንማ ችግር አለ» አለ። «ከሠራተኛ ውድ ስጦታ ተቀብዬ ብፈርምልህ ጉቦ ይሆናል።»

«ውድ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ተጫርቼባታለሁ እኮ! ዋጋዋን ባላውቅ ኖሮ እፈርምልህ ነበር።»

«እንግዲያው ይመልሱልኝ።»

«በእናንተ ባህል ስጦታ መመለስ ነውር እንደሆነ አንብቤአለሁ። እንደዚያ አድርጌ አላስቀይምህም» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጉዳዩን ኮሚቴ እንደሚያየው ነገረኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የእናኑ የቪዛ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እኛ አገር የበላ ሰው ቢያንስ ይፈርማል። ይሄኛው በልቶም አልፈረመ፣ ጨዋ መባሉም አልቀረበት። በማግስቱ ሳሩን ሳጭድ መስኮቱ ሥር ማሽኑን እያስጮህኩ ዋልኩ፤ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ቅዳሜ እናኑ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ምነው ታዲያ ከግድግዳው አውርደህ ይዘህ አትወጣም?» አለችኝ።

«የሰጡትን መልሶ መውሰድማ ነውር ነው፣ እናኑ። ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው?» አለችኝ።

ከኋላዋ ልጄ፣ «እማ፣ ማነው የደወለው?» ስትል ሰማኋት።