ሁለተኛው ዓይን

ወንድሜ አምሐ ስድስት ዓመት ሌኒንግራድ ተቀምጦ የተማረው በኮምፒዩተር ሥዕል መሥራትን ነው። በ1976 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልተከተለውም። የንድፍ አስተማሪ አደረጉት። እሱ ግን ማሽኑ የሚሠራውን በካልኩሌተርና በግራፍ ወረቀት ካልሠራሁ ብሎ ድርቅ አለ። ግትርነቱ የአባታችን ነው።

አባታችን አለቃ ገብረ መስቀል ዘጌ ላይ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ያረጁ ሰው ነበሩ። አምሐ ለጥናቱ የሳቸውን ፊት መረጠ። አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ጢማቸውን በክርና በማስመሪያ ለክቶ ሁለት መቶ ነጥብ አወጣ። ሐሳቡ ፊታቸውን ከጎን ጀምሮ፣ በየወረቀቱ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ፊት ለፊት ማድረስ ነበር። የሌኒንግራዱ መምህሩ ተከታታዩን ሥዕል አይተው ከወደዱት ለዶክትሬት ሊያስጠሩት ቃል ገብተውለታል። አባታችን ኮት የሚሰፋላቸው ይመስል ቀጥ ብለው ሲቀመጡ እኔ እስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ወረቀት ያለቀ ዕለት አምሐ እየሮጠ አመጣላቸው። ቤታችን አንድም ፎቶግራፍ ስለሌለ፣ መልካቸውን ለማየት ጓጉተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

«አንድ ዓይን?» አሉ።

«በጎን ስለሆነ ነው፣ አባቴ።»

«ይሁዳን ስስል ቀለም የበጠበጥህልኝ አንተ አይደለህም?»

የአምሐ ፊት አመድ መሰለ። በአባታችን ሙያ ጻድቅ የሚሳለው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ወገኖቹ ናቸው። ይህን የዘጌ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቀለም ሲበጠብጥ ያደገው ወንድሜ ግን ረሳው። ያን ዕለት የሰው አገር ትምህርትን ረገምሁ።

«ይቅር ይበሉኝ። አዞርዎታለሁ፤ ሁለተኛው ዓይን ይመጣል።»

«በል ቶሎ አዙረኝ። እንዲህ እንደሆንሁ እንዳልሞት።» ያን ሰሞን ደረታቸውን ያማቸው ነበር።

ማክሰኞ የውይይት ክበብ አለ፣ ቅዳሜ የልማት ሥራ አለ፤ አንዱ ወረቀት አንድ ሳምንት ይፈጃል። «የመሀሉን ዝለለውና ፊት ለፊቱን ሥራላቸው» አልሁት።

«በተራው ይደርሳል፣ የሺ። መምህሬ የሚፈልጉት ተከታታዩን ነው።»

አባታችን በየሳምንቱ «የት ደረስሁ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አራተኛው ወረቀት ላይ የሁለተኛው ዓይን ጠርዝ ብቅ አለ። በማግሥቱ አምሐን ለሠፈራ ዘመቻ፣ ጎጆ ሊሠራ መተከል ላኩት። ሁለት ወር ቆየ። ሲመለስ አባታችን ከተቀበሩ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። እስከ መጨረሻው «አምሐ ወረቀቱን አልላከም?» ሲሉ እንደነበር አልደበቅሁትም። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ምናለ ዝም ባልሁ እላለሁ።

አምሐ በዚያው ምሽት ካልኩሌተሩን አነሣ። የመሀሉን ሁሉ ዘሎ ፊት ለፊቱን ሠራ። እናታችን ወለተ ኪዳን ሥዕሉን ስማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሁለቱም ዓይኖች ቁልጭ ብለው ያያሉ። ሌኒንግራድ ምንም አልተላከም፤ ወንድሜም እስከ ዛሬ የንድፍ አስተማሪ ነው።

ያን ሥዕል ለመሥራት የፈጀበት አንድ ሳምንት ነው።